በስልክ ገበያ አሮጌ ዕቃን ስለ መሸጥና ከአታላይ ስለ መጠበቅ

ሰው የሚያስፈልገውን ይገዛል፤ የማያስፈልገውን ወይም አገልግሎ ያበቃለትን ደግሞ ይሸጣል። ይህ ከጥንት ጀምሮ የነበረ፣ ለገዢም ለሻጭም የሚጠቅም፣ በሕግም በሃይማኖትም የተፈቀደ ሥራ ነው። በአንዱ ቤት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው ዕቃ በሌላው ቤት እንጀራ የሚያበላ መሣሪያ ይሆናልና። ዳሩ ግን መሸጥና መግዛት ባለበት ሁሉ ተንኰል ሊኖር እንደሚችል የታወቀ ስለ ሆነ፣ የቀድሞ አባቶች ለገበያ ሥርዓት ሠርተውለት ኖረዋል። ባሁኑ ዘመን ገበያው ከአደባባይ ተነሥቶ ወደ ስልክ ውስጥ በገባ ጊዜ ግን ያ የቆየው ሥርዓት አብሮ አልገባም። ስለዚህ አሮጌ ዕቃውን በስልክ ገበያ የሚሸጥ ሰው ከምን ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባው፣ በአርባ ምንጭ ከተማና በጋሞ ዞን ኑሮ ምሳሌነት መመልከት ጠቃሚ ነገር ነው።

የጋሞ ሕዝብ ስለ ገበያ የቆየ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ነው። የዶርዜ ሸማኔ ጥበቡንና ጋቢውን ይዞ ከጨንቻ ደጋ እስከ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄዶ ስሙን አስጠርቷል፤ የአርባ ምንጭ ሙዝም በጭነት መኪና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ ለአዲስ አበባ ገበያ ይቀርባል። በደጋው አገር ሕዝቡ የሚመክርበትና ክርክር የሚፈታበት ዱቡሻ የሚባል አደባባይ አለ። ጎሜ የሚባልም ክልክል አለ፤ ሐሰት የተናገረ፣ የሰውን ንብረት የደበቀ፣ ድንበር የገፋ ሰው ጎሜን እንደ ተላለፈ ይቈጠራል፤ ጥፋቱን ተናዝዞ ካልታረቀም በቤቱ፣ በከብቱ ወይም በአዝመራው ላይ መከራ ይመጣበታል ተብሎ ይታመናል። የሽማግሌዎችም ቃል ምን ያህል የከበረ እንደ ሆነ፣ በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ግድያ የተቈጣው ወጣት በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሣ ጊዜ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገድ ላይ ተንበርክከው እንደ መለሱት አገር ሁሉ ያየው ነገር ነው።

እንዲህ ባለ አገር ገበያ ውስጥ ሻጭን የሚጠብቁት ሦስት ዘበኞች ነበሩ። ፊተኛው የሰው ፊት ነው፤ ገዢው ማን እንደ ሆነ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ከየት ቀበሌ እንደ መጣ ይታያል፣ ይታወቃልም። ሁለተኛው ምስክር ነው፤ ዋጋ ሲቈረጥና ገንዘብ ሲቈጠር በአጠገብ የቆመ ሰው ያያል፣ ይሰማል። ሦስተኛው እጅ በእጅ መቀባበል ነው፤ ዕቃው ከሻጩ እጅ በወጣበት ሰዓት ገንዘቡ ወደ ሻጩ እጅ ይገባል። ይህም ሥርዓት በቅዱሳት መጻሕፍት ዘንድ የታወቀ ነው። አብርሃም ለሣራ መቃብር የሚሆነውን ዋሻ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን የገዛው በከተማው በር፣ የአገሩ ሰዎች እየሰሙ፣ 400 ሰቅል ብር መዝኖ በመስጠት ነበር። ነቢዩ ኤርምያስም በዓናቶት ያለውን እርሻ ሲገዛ ብሩን በሚዛን መዘነ፤ ውሉን ጽፎ አተመ፤ ምስክሮችንም አቆመ። ነቢይ ሆኖ ሳለ ምስክር ካስፈለገው፣ ለሌላው ሰው እንዴት አያስፈልገውም? ፍትሐ ነገሥቱም ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም።

በስልክ ገበያ የሚደረገውን ማታለል ሁሉ መርምሮ ለሚያይ ሰው፣ የአታላዩ ብልሃት ብዙ መስሎ ቢታይም ሥሩ አንድ ነው፤ ይኸውም ከእነዚህ ከሦስቱ ዘበኞች አንዱን ወይም ሁሉንም ከቦታቸው ማንሣት ነው። ፊቱን ይሰውራል፤ ምስክርን ያርቃል፤ የዕቃውንና የገንዘቡን ሰዓት ይለያያል። ስለዚህ የመጠበቂያው ዘዴም ሥሩ አንድ ነው፤ አታላዩ ያነሣውን ዘበኛ ወደ ቦታው መመለስ ነው።

አዲሱ ገበያ ራሱ ግን ሊነቀፍ አይገባውም። የስልክ አገልግሎት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን በገባ ጊዜ በጥርጣሬ ያዩት ሰዎች እንደ ነበሩ ይነገራል፤ ኋላ ግን ጥቅሙን ያልተረዳ የለም። ዛሬም በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክና ጂጂን በመሰሉ የመሸጫ ገጾች ሰው ዕቃውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ከዋጋው ጋር ያወጣል፤ የሚፈልገውም አይቶ ይደውላል። ቀድሞ አሮጌ ዕቃ ያለው ሰው በደጅ የሚያልፈውን ቆራሌው ወይም ልዋጭ ይጠብቅ ነበር፤ በአዲስ አበባም ወደ ምናለሽ ተራ ይወስድ ነበር፤ የሚሰጠውም ዋጋ እጅግ ጥቂት ነበር። አሁን ግን የሲቀላው ሰው ከሴቻው ሰው ጋር፣ የአርባ ምንጩም ከሐዋሳው ጋር ያለ ደላላ ይነጋገራል። የገንዘቡም ማስተላለፊያ እንዲሁ ቀሏል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ2017 ዓ.ም. ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል፤ ኤም ፔሳም በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ተከትሎ መጥቷል፤ ባንኮችም እያንዳንዳቸው በስልክ የሚሠራ አገልግሎት አላቸው።

በአርባ ምንጭ ደግሞ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥባቸው ሁለት የታወቁ ምክንያቶች አሉ። አንዱ ዩኒቨርሲቲው ነው። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተመሠረተውና በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይህ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ብዙ ተማሪዎችን ያስመርቃል፤ የሚመረቀውም ተማሪ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ላፕቶፑን፣ ስልኩንና መጻሕፍቱን መሸጥ ይፈልጋል። ሁለተኛው የሠራተኛ መዛወር ነው። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. በተቋቋመ ጊዜ የክልሉ ቢሮዎች በልዩ ልዩ ከተሞች ተደልድለዋል፤ ከእነዚህም ከተሞች አንዷ አርባ ምንጭ ናት። የሚዛወርም ሠራተኛ አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ማቀዝቀዣውንና ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ መዞር ስለማይችል ይሸጣል። ተማሪውም ሠራተኛውም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሁለቱም ይቸኵላሉ። የመሄጃው ቀን ተቈርጧል፤ የቤት ኪራዩ ቀን ደርሷል። አታላይም ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው የሚቸኵል ሻጭ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው በዚህ ስፍራ በእውነት ይፈጸማል።

ከማታለያዎቹ ሁሉ ተራ የሆነውና ብዙ ሰው የሚወድቅበት የሐሰት ደረሰኝ ነው። እንበልና አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ለመሸጥ አወጣ። ገዢ መጣ፤ ዕቃውን አየ፤ በዋጋ ብዙ ሳይከራከር ተስማማ፤ ስልኩን አውጥቶ ጥቂት ከነካካ በኋላ «ልኬልሃለሁ» ብሎ ደረሰኙን በስልኩ መስታወት ላይ አሳየው። በደረሰኙ ላይ የባንኩ ምልክት አለ፤ የተማሪው ስምና የሒሳብ ቍጥር በትክክል ተጽፏል፤ የገንዘቡም ልክ ሳይጐድል ሰፍሯል። ተማሪው ዕቃውን አስረከበ፤ ገዢውም ሄደ። ወደ ማታ ሒሳቡን ሲመለከት የገባ ገንዘብ የለም። ደረሰኙ ከሌላ ቀን ደረሰኝ ላይ ስምና ቍጥር ተለውጦ የተሠራ ሥዕል ነበርና። አራት ዓመት የተማረበትን፣ ምናልባትም ወላጆቹ ሙዝ ሸጠው ወይም ሸማ ሸጠው የገዙለትን ዕቃ በአንዲት ሥዕል ለወጠው ማለት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ አጭር ነው። ሻጭ የገዢውን ስልክ ማየት አያስፈልገውም፤ የራሱን ሒሳብ ይመልከት። ደረሰኝ ስለ ገንዘብ የሚናገር ወረቀት እንጂ ራሱ ገንዘብ አይደለም። በስልክ የሚደርሰው አጭር መልእክትም ቢሆን ብቻውን አይታመንም፤ ማንኛውም ሰው የባንክን ቃል አስመስሎ ጽፎ ከራሱ ስልክ ሊልክ ይችላልና። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር የግል ቍጥር የመጣ የገንዘብ መልእክት ሐሰት መሆኑ አያጠራጥርም። መልእክቱ ከየትም ይምጣ፣ ሻጩ የባንኩን አገልግሎት በገዛ እጁ ከፍቶ ቀሪ ሒሳቡ መጨመሩን እስኪያይ ድረስ ዕቃው ከእጁ አይውጣ። ገዢው «ኔትወርክ ስለሌለ ነው፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይገባልሃል» ያለ እንደ ሆነ፣ መልሱ «እንግዲያውስ እስኪገባ አብረን እንጠብቅ፤ ወይም ነገ ተመለስ» ነው። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ የሚላክ ገንዘብ አንዳንድ ጊዜ የሚዘገይ መሆኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም ገንዘቡ የሚዘገይ ከሆነ ዕቃውም አብሮ መዘግየት አለበት። እውነተኛ ገዢ በዚህ አይቈጣም፤ የሚቈጣውና የሚያጣድፈው ሰው ራሱን ይገልጣል።

ሁለተኛው ማታለያ የትርፍ ገንዘብ ነው። ገዢው በ8,000 ብር ለተስማማበት ዕቃ 18,000 ብር የላከ መስሎ የሐሰት መልእክት ይልክና፣ «በስሕተት ነው፤ እባክህ አሥሩን ሺህ መልስልኝ» ብሎ ይለምናል። ሻጩም የሰው ገንዘብ መያዝ ስለሚፈራ ፈጥኖ ይልካል፤ የላከው ግን የራሱን ገንዘብ ነው። በዚህ ማታለያ የሚጐዳው ስስታም ሰው አይደለም፤ ቅን ሰው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የመጣበት ሰው አስቀድሞ ሒሳቡን ይመርምር፤ ምንም ያልገባ እንደ ሆነ የሚመልሰው የለም። በእውነት የማያውቀው ገንዘብ ገብቶ የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ለጠየቀው ሰው በራሱ እጅ አይላክ፤ ለባንኩ አስታውቆ ባንኩ ወደ መጣበት ሒሳብ እንዲመልሰው ያድርግ። የራስ ያልሆነ ገንዘብ በሒሳብ ላይ ስለ ታየ ብቻ የራስ እንደማይሆን መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ነገር ለሁሉ አስተምሯል። በዚያች ሌሊት በባንኩ የኮምፒውተር ሥርዓት መበላሸት ምክንያት ብዙ ሰዎች፣ ይልቁንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ያልነበረ ገንዘብ አወጡ፣ አስተላለፉም፤ ልኩም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደ ነበረ ባንኩ ገለጠ። ልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ማሳሰቢያ አወጡ፤ ያልመለሱትም ስማቸው በይፋ ወጣ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ረቂቅ የሆነው ባለ ሦስት ማዕዘን ማታለያ ነው፤ በዚህ ውስጥ ገንዘቡ በእውነት ይገባልና። አታላዩ አንድ ሰው ለሽያጭ ያወጣውን የስልክ ፎቶግራፍ ወስዶ በራሱ ስም፣ በረከሰ ዋጋ፣ በሌላ ቻናል ላይ ያወጣዋል። በሌላ ከተማ ያለ ገዢ ርካሽነቱን አይቶ ይደውላል። አታላዩም የእውነተኛውን ሻጭ የሒሳብ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ለእውነተኛው ሻጭ ደግሞ «ወንድሜ ገንዘቡን ይልክልሃል፤ ዕቃውን ለመልእክተኛዬ ስጥ» ይለዋል። ገንዘቡ ይገባል፤ ሻጩ ሒሳቡን አይቶ ይረካል፤ ዕቃውንም ለመልእክተኛው ይሰጣል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ገንዘቡን የከፈለው ሰው ዕቃ ስላልደረሰው ወደ ፖሊስ ይሄዳል፤ የሚከሰሰውም ስሙና ሒሳቡ የታወቀው ሻጭ ይሆናል። አታላዩ ፊቱን ለማንም አላሳየም፤ ሁለቱ ቅኖች ግን እርስ በርሳቸው ይካሰሳሉ።

ከዚህ ለመዳን ሻጭ አንድ ሕግ ይያዝ፤ የከፈለው ሰውና ዕቃውን የሚረከበው ሰው አንድ ይሁኑ። በሒሳቡ ላይ የገባው የላኪው ስም በፊቱ የቆመው ሰው ስም መሆኑን በመታወቂያ ወይም በፋይዳ ካርድ ያረጋግጥ። የሌላ ሰው ስም ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ከፋዩን በስልክ አግኝቶ ስለ ምን እንደ ከፈለ፣ ለማን እንዲሰጥለት እንደ ፈቀደ ከራሱ አፍ ይስማ። ይህን የሚያደርግ ሰው የጠፋውን ፊትና የጠፋውን ምስክር በአንድ ጊዜ መለሰ ማለት ነው።

አራተኛው የምስጢር ቍጥር ነው። ይስሐቅ ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ ድምፁ የያዕቆብ፣ እጁ የዔሳው ሆኖበት እንደ ተታለለ የታወቀ ነው፤ በስልክ የሚነጋገር ሰውም ሁሉ እንደ ይስሐቅ ዓይኑ የማያይ ነው። ገዢ ነኝ የሚለው ሰው «እውነተኛ ሻጭ መሆንህን ለማወቅ አንድ ቍጥር ልኬልሃለሁ፤ አንብብልኝ» ይላል። ያ ቍጥር ግን የሻጩን የቴሌግራም መለያ በሌላ ስልክ ላይ የሚከፍት ቁልፍ ነው። የነገረው እንደ ሆነ መለያው ይወሰዳል፤ አታላዩም በሻጩ ስምና ፎቶግራፍ ለዘመዶቹና ለወዳጆቹ «ቸግሮኛል፤ ገንዘብ ላኩልኝ» እያለ ይጽፋል። ሌላውም ከባንክ ወይም ከኢትዮ ቴሌኮም የደወለ መስሎ «የተላከልህ ገንዘብ ተይዟል፤ ለመልቀቅ የምስጢር ቍጥርህን ንገረኝ» ይላል። ገንዘብ ለመቀበል የምስጢር ቍጥር ከቶ አያስፈልግም፤ የሒሳብ ቍጥር ወይም የስልክ ቍጥር ይበቃል። ባንኮቹም ኢትዮ ቴሌኮምም ይህን ቍጥር ለማንም እንዳይነግሩ ደንበኞቻቸውን በየጊዜው ያሳስባሉ። እንዲሁም ገንዘቡን ለመቀበል ይህን ሊንክ ክፈት የሚል ሰው የላከው ገጽ የባንክ መልክ ቢኖረውም አይከፈት።

አምስተኛው በርቀት የሚደረገው ነው። በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ሩቅ ከተማ ያለ ገዢ «በአውቶቡስ ላክልኝ፤ ሲደርሰኝ እከፍላለሁ» ይላል። የተላከው ዕቃ በመናኸሪያ ወርዶ ሰው ይረከበዋል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሣም። ወይም «በሁለታችን መካከል ገንዘቡን የሚይዝ አደራ ተቀባይ አለ» ብሎ የቻናሉን ኃላፊ ስም አስመስሎ የከፈተውን የራሱን ሌላ መለያ ያቀርባል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሻጭ ሙሉ ዋጋውን ሳይቀበል ዕቃ አይላክ፤ በቀብድ ብቻም አይጫን። ገዢው መክፈልን የፈራ እንደ ሆነ ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ እርሱም ላልታወቀ ሻጭ አስቀድሞ መክፈሉ አደጋ አለበትና። መፍትሔው ገዢው በአርባ ምንጭ ያለ ዘመዱን ወይም የሚያምነውን ሰው ልኮ ዕቃውን እንዲያይ፣ በዚያው ሰዓት እንዲከፍልና እንዲረከብ ማድረግ ነው። ዘመድ የሌለው ገዢ ከሆነ ሻጩ በከተማው የሚገኝ ሌላ ገዢ ቢጠብቅ ይሻለዋል። ጥቂት መቶ ብር ልጨምር ብሎ ሁሉን ከማጣት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለችው ከመሆን፣ ጥቂት ቀን መታገሥ ይበልጣል።

ፊት ለፊት መገናኘትም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይሁን። የሚገናኙበት ስፍራ ሰው የሚበዛበት፣ በቀን ብርሃን፣ ቢቻል በባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ይሁን፤ በዚያ ገንዘቡም ይቈጠራል፣ ሐሰተኛ ብርም ይለያል። መንግሥት በመስከረም ወር 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶችን ለውጦ የ200 ብር ኖት ባወጣ ጊዜ ከምክንያቶቹ አንዱ ሐሰተኛ ገንዘብን ለመከላከል እንደ ነበረ አይዘነጋም። ሻጭ ብቻውን አይሂድ፤ አንድ ወዳጅ ይዞ ይሂድ። ገዢው ስልኩን ልሞክረው ብሎ ይዞ እንዳይሮጥ፣ ወይም በመመልከት ሰበብ በሌላ የተበላሸ ስልክ እንዳይለውጠው፣ ከእጁ ዓይኑን አያንሣ። ወደ ቤት መጥቶ የሚታይ ትልቅ ዕቃ ከሆነም ዕቃው በደጅ ወይም በግቢ ወጥቶ ይታይ።

ስልክና ኮምፒውተር የሚሸጥ ሰው ደግሞ ሌላ ሥራ አለበት። ከዕቃው ጋር የራሱን ምስጢር አብሮ እንዳይሸጥ ሲም ካርዱንና የማስታወሻ ካርዱን ያውጣ፤ የባንክና የቴሌብር አገልግሎቱን ይዝጋ፤ የጉግል ወይም የአፕል መለያውን ያስወግድ፤ ከዚያም ስልኩን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ወደ ባዶነቱ ይመልሰው። ይህን ያላደረገ ሰው የቤተ ሰቡን ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤውንና ሒሳቡን ለማያውቀው ሰው ትቶ ይሄዳል። *#06# ተብሎ ሲደወል የሚታየውን የስልኩን 15 አኃዝ መለያ ቍጥርም በወረቀት ላይ ጽፎ ያስቀምጥ።

መጠንቀቅ የሚገባው ሻጭ ራሱ ደግሞ እንዳያታልል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጕድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዛል። አሮጌ ዕቃ ጕድለት ሊኖረው የሚችል መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ጕድለቱን አስቀድሞ ገልጦ መናገር ለሻጩ ራሱ ጋሻ ነው። ገዢው አውቆ የገዛውን ጕድለት በኋላ ሊከስበት አይችልምና። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የዕቃው ዓይነትና መለያ ቍጥር፣ ጕድለቱ፣ ዋጋው፣ ቀኑ፣ የሁለቱ ስምና ፊርማ፣ የምስክሮችም ስም ቢጻፍ፣ ሻጩንም ገዢውንም ይጠብቃል፤ ኋላ «የተሰረቀ ዕቃ ነው» የሚል ክርክር ቢነሣም መልስ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሳይደረግ ቀርቶ ማታለሉ የደረሰ እንደ ሆነ፣ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው። የተታለለ ሰው ወዲያው ለባንኩ ይደውል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቍጥር 951 ነው፤ የቴሌብር 127 ነው። ገንዘቡ ከአታላዩ ሒሳብ ሳይወጣ የተደረሰበት እንደ ሆነ ሊታገድ ይችላል፤ ከዋለ ካደረ ግን ተስፋው ይቀንሳል። ቀጥሎ የተጻጻፈበትን ቃል፣ የደረሰኙን ሥዕልና የስልክ ቍጥሩን ሳያጠፋ ወደ ቀረበው ፖሊስ ጣቢያ ይሂድ። ሕጉ ለዚህ ዝግጁ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 በአንቀጽ 10 አሳሳች የኮምፒውተር መረጃ በማሰራጨት ወይም ማንነትን በመሰወር ሰውን የሚያታልል ሰው እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንዲቀጣ ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 692 ማታለልን በወንጀልነቱ ይቀጣል።

ዳሩ ግን ሕጉ ተጽፎ ሳለ ብዙ ሰው የማይከስበት ምክንያት አለ፤ ይኸውም ኀፍረት ነው። የተማረ ሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወይም የደብር አገልጋይ «እንዴት ይህን ሳታውቅ ቀረህ?» እንዳይባል ጕዳቱን በሆዱ ይዞ ይቀመጣል። በዚህም ዝምታ አታላዩ ነገ ሌላውን ለማታለል ነጻ ይሆናል። በዱቡሻ የቆየው ልማድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ የሚያፍረው የበደለው እንጂ የተበደለው አይደለም፤ ነገሩም በአደባባይ የሚነገረው ሌላው እንዲጠነቀቅ ነው። ይህ ልማድ ለስልክ ገበያ ደግሞ እጅግ የሚያስፈልግ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ምሳሌ ለመጠንቀቅ መልካም ምክር ነው፤ የተመነጠረውን ለመንቀፍ ከዋለ ግን አታላዩን መርዳት ይሆናል።

ስለዚህ በሥልጣን ላይ ያሉት ሰዎች የሚጠበቅባቸው ነገር አለ። የፖሊስ ጣቢያው ለጥቂት ሺህ ብር የመጣውን ከሳሽ ነገሩ ትንሽ ነው ብሎ እንዳይመልሰው፤ አንዱ አታላይ ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት የሚወስድ ስለ ሆነ፣ የአንዱ አቤቱታ ከሌላው ጋር ሲገጣጠም ነው እጁ የሚያዘው። የየቀበሌው ጽሕፈት ቤት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ በአማርኛም በጋሞኛም፣ ከላይ የተነገሩትን ጥቂት ምክሮች ቢለጥፍ ወጪው ከወረቀት አያልፍም። ዩኒቨርሲቲውም ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው ጥቂት ሳምንታት በፊት ይህንኑ ቢያስታውቅ፣ በግቢውም ውስጥ አሮጌ ዕቃ ፊት ለፊት የሚሸጥበት ቀን ቢወስን፣ ብዙ ልጆችን ከሐዘን ያድናል። ካህናትም ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ በሚያስተምሩበት ጊዜ የሐሰት ሚዛን የተከለከለ መሆኑን ሲያስረዱ፣ የሐሰት ደረሰኝ የዛሬ የሐሰት ሚዛን መሆኑን ቢጨምሩበት ትምህርቱ ለወጣቱ ቅርብ ይሆንለታል። ስልኩን አዋቂ የሆነው ልጅም ያላወቁትን አባቱንና እናቱን በዚህ ነገር ሊያስተምር ይገባዋል፤ በዚህ ጕዳይ ታናሹ ለታላቁ መምህር መሆኑ ነውር አይደለም።

በጠቅላላው ሲታይ፣ ከሻጭ የሚፈለገው ታላቅ ዕውቀት አይደለም። የገንዘቡን መግባት በራሱ ሒሳብ ማየት፣ የከፈለውና የሚረከበው ሰው አንድ መሆኑን ማረጋገጥ፣ የምስጢር ቍጥርን ለማንም አለመንገር፣ ሙሉ ዋጋ ሳይቀበሉ ዕቃ አለመላክ፣ ምስክር ባለበት በቀን መገናኘት፣ ውልን በወረቀት መጻፍ፣ በደረሰበትም ጊዜ ሳያፍሩ ፈጥኖ ማስታወቅ ይበቃል። እነዚህም ሁሉ አባቶች በገበያ ሲጠብቁት የኖሩት ሥርዓት ናቸው እንጂ አዲስ ነገር አይደሉም። ገበያው ወደ ስልክ ገብቷል፤ ፊቱ፣ ምስክሩና እጅ በእጁ መቀባበል ግን ሻጩ ካልተዋቸው በቀር ዛሬም ከእርሱ ጋር ናቸው።